ቪያ ፕሬ፣ ቀይ ቁጥር

«ጄኖቫ ከሄድሽ ቪያ ፕሬ እንዳትገቢ።» ሲኞራ ይህን ስንቴ እንዳሉኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የት አባቴ ጄኖቫ እሄዳለሁ! እዚያው ሚላኖ ውስጥ እንኳ ከገበያ እስክመለስ ሰዓት እየቆጠሩ የሚጠብቁኝ ሴትዮ ነበሩ። አራት ዓመት ከመንፈቅ አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ጣልያኖች የኔን ዓይነት ሠራተኛ ባዳንቴ ይሏታል። አዛውንት ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች። ከሁሉ በላይ ግን ታዳምጣለች። ደመወዙ በማዳመጡ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበርኩ።

ሲኞራ የጄኖቫ ሰው ናቸው። በሃያ ዓመታቸው ባል አግብተው ሚላኖ መጡና እዚያው ቀሩ። አፋቸው ግን ከጄኖቫ አልወጣም። ባሕሩ፣ ንፋሱ፣ ዓሣው፣ ፎካቻው። የሚላኖ ፎካቻ ሳመጣላቸው በሁለት ጣታቸው አንስተው ያዩትና «ይሄ ዳቦ ነው» ብለው ይመልሱልኛል። የተወለዱት ቪያ ባልቢ ላይ እንደሆነም ነግረውኛል። ቪያ ባልቢ ማለት ባልቢ የሚባሉ ባለጠጎች በ1600ዎቹ መጀመሪያ ያስከፈቱት ጎዳና ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ግራና ቀኙ የእብነ በረድ ደረጃ ያላቸው ትልልቅ ቤቶች ናቸው። ኋላ የሳቮያ ነገሥታት የገዙት ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው። እኔም አምኜ ለጓደኞቼ «አሠሪዬ የትልቅ ሰው ልጅ ናቸው» እያልኩ እጎርር ነበር።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ሴት ልጃቸው ቤቱን ስታጸዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጠችኝ። «የድሮ ፎቶ ነው። ከፈለግሽ ውሰጂው፣ ካልፈለግሽ ጣይው።» አራት ዓመት ተኩል ያጠብኩት ፊት ነውና አልጣልኩትም። ማታ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አየሁ። አንደኛው ፎቶ ላይ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከአንድ የድንጋይ በር ፊት ቆማለች። እግሯ ላይ የእንጨት ነጠላ ጫማ። ከበሩ በላይ ግድግዳው ተፈልፍሎ የማርያም ሐውልት ተቀምጣለች። ጀርባው ላይ በእርሳስ ቪያ ፕሬ ይላል፣ ከዚያ የቤት ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ የላቲን ፊደል፣ ኤሬ።

ቪያ ፕሬ! እንዳትገቢ የተባልኩበት።

ሥራ ፈት ነበርኩ። አዲስ ቤት እስኪገኝ ድረስ አንዷ ጓደኛዬ ጋ ሶፋ ላይ ነው የማድረው። በአንድ ማክሰኞ ቀን ፎቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ባቡር ተሳፈርኩ። ሁለት ሰዓት አይሞላም።

የጄኖቫ ፕሪንቺፔ ጣቢያ ስትወጡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ኮሎምበስ ነው፣ በድንጋይ። የከተማው ልጅ ነውና ደህና ቦታ ሰጥተውታል። ከእሱ አንድ መንገድ ወደ ግራ ወደ ቪያ ባልቢ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ባሕሩ ቁልቁል ይወርዳል። የወረደው ኮሜንዳ ከሚባል ጥንታዊ ሕንጻ ጋ ያደርሳል። ቪያ ፕሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ናቸው የሚሄዱት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። በመካከላቸው ያለው የአንድ ደረጃ መውጫ ያህል ነው። ከላይኛው የሚታየው ቤተ መንግሥት፣ ከታችኛው የሚታየው የቤተ መንግሥቱ ጀርባ። ሲኞራ የዋሹት በጥቂት ሜትር ነው ማለት ነው።

ቪያ ፕሬን እንዴት ልንገራችሁ? እኔ ያደግሁት ፒያሳ ነው። ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ሦስተኛው ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፋል። ልዩነቱ ቁመቱ ነው። ግራና ቀኙ ስድስት ሰባት ፎቅ ነው። ወደ ላይ ካላንጋጠጡ ሰማይ የለም። ያለውም እንደ መቀነት የቀጠነ ነው። በዚያች መቀነት ላይ ደግሞ የሰው አንሶላና ሱሪ ተሰጥቷል። ጄኖቫዎች እንዲህ ያለውን ጠባብ መንገድ ካሩጂ ይሉታል። አሮጌው ከተማ በሙሉ ካሩጂ ነው።

ሽታው በየአሥር እርምጃው ይለያል። መጀመሪያ የሽንት። አዎ፣ የሽንት፣ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያ በርበሬና ዝንጅብል፣ ከዚያ የበግ ሥጋ፣ ከዚያ የፀጉር ቅባት፣ ከዚያ እንደገና እርጥብ ድንጋይ። የሞሮኮዎች ሥጋ ቤት አለ። የሴኔጋሎች ጨርቅ ቤት አለ። የኢኳዶር ሰዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው የጣልያን ከተሞች አንዷ ጄኖቫ ናትና የእነሱም ሙዝና ዱቄት አለ። በየጥጉ የሞባይል ጠጋኝና ገንዘብ ላኪ። በር ላይ የቆሙ ሴቶችም አሉ፣ ወንበር ይዘው። አንድ ሰውዬ አጠገቤ ቀስ አለና በጣልያንኛ «ስንት ነው?» አለኝ። ፎቶውን እያሳየሁ «አልሸጠውም» አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ። እስካሁን ስስቅ እኖራለሁ።

ቁጥሩን አገኘሁት። በሩ ግን የፎቶው በር አይደለም። ትልቅ የእንጨት በር፣ የደወል ሰሌዳ፣ ብዙ ስም። የማርያም ምስል የሚባል ነገር የለም። ሁለት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። በመጨረሻ አንድ ሴኔጋላዊ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ገብቼ ፎቶውን ዘረጋሁለት። አድራሻውን አየና «እህቴ፣ ቀይ ነው ጥቁር?» አለኝ።

ክው አልኩ። እኛ አገር ቀይ ነው ጥቁር ተብሎ የሚጠየቀው ስለ ሰው መልክ ነው። ሲኞራ ነጭ ናቸው፣ እኔ ጠይም ነኝ። ለየትኛችን ልመልስ? ሰውየው ዝም ማለቴን አይቶ ሳቀና ውጭ አውጥቶ በጣቱ አሳየኝ። ጄኖቫ ውስጥ ሁለት ዓይነት የቤት ቁጥር አለ። ሰው የሚኖርበት ቤት በር ቁጥሩ ጥቁር ነው። የሱቅ፣ የመጋዘን፣ የወርክሾፕ በር ቁጥሩ ቀይ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይገኛል፣ አንዳንዴ በጣም ተራርቆ። ቀዩ ሲጻፍ ከቁጥሩ ኋላ ኤሬ ይደረግበታል፣ ሮሶ ለማለት፣ ቀይ።

ያቺ ትንሽ ፊደል ይህችን ነበር የምትለው። ሲኞራ የተወለዱት ቤት ውስጥ አይደለም፣ ሱቅ ውስጥ ነው።

ቀዩ ቁጥር ብዙም አልራቀም። ዛሬ የሹሩባ ቤት ነው። ከበሩ በላይ ያለው ማኖሪያ አለ፣ ማርያም ግን የለችም። በጄኖቫ ካሩጂዎች እንዲህ ያለ የማርያም ማኖሪያ በየጥጉ ነው። የድሮዎቹ ሐውልቶች ብዙዎቹ ከሌባም ከዝናብም ለማዳን ተነስተው ወደ ሙዚየም ገብተዋል። በቦታው አንዳንዱ ጋ ቅጂ ቆሟል፣ አንዳንዱ ባዶ ነው። በዚህኛው ርግብ ሰፍራበታለች። ድንጋዩ ላይ ያለችው ስንጥቅ ግን ከፎቶው ጋር አንድ ናት።

ሴትየዋ የአንዲት ልጅ ፀጉር እየጎነጎነች ነበር። ፎቶውን ሳሳያት ሥራዋን ሳታቆም በአገጭዋ ወደ ኋላ አመለከተችኝ። ኋላ ያለችው ክፍል መስኮት የላትም። ጣሪያዋ ቅስት ነው፣ የድንጋይ። መሐል ላይ ዝገት የበላው ትልቅ መንጠቆ ተንጠልጥሏል፣ ሥጋ ወይ ሚዛን የሚሰቀልበት። ከሥሩ ካርቶን፣ አርቲፊሻል ፀጉር፣ ከካርቶኑ ጎን የሁለተኛ ክፍል ደብተር ላይ የተጎነበሰ ልጅ። ሲኞራ ሚላኖ ቤታቸው የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ሁልጊዜ ሳይጠፋ እንዲያድር ያደርጉ ነበር። ጨለማ አይወዱም። እኔ እርጅና ይመስለኝ ነበር።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ከተማ ማየት የሚወዱ ሰዎች ቪያ ጋሪባልዲን ይላሉ፣ የዓሣ ማሳያውን ይላሉ። እኔ ፕሬን ነው። ስመላለስ የገባኝ ነገር ቢኖር እዚህ መንገድ ላይ ማንም ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ በዓይኑ እንደማይጠይቅ ነው። መቆም ይቻላል። ሚላኖ ውስጥ ጥቁር ሰው አንድ ቦታ ሩብ ሰዓት ከቆመ የሆነ ሰው ይመለከተዋል። እዚህ ግን መንገዱ ራሱ የተሠራው ለሚጠብቅ ሰው ነው።

ፕሬ መጀመሪያ ሜዳ ነበር፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፣ ከመስክ። ከተማው በ1155 እና በ1159 መካከል የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት ባርባሮሳን ፈርቶ አጥር ሲያጥር ፕሬ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። በሩ እስካሁን አለ፣ ፖርታ ዴይ ቫካ፣ ሁለት ግንብ ያለው። ቫካ ላም ማለት ነው፣ ግን ከላም ጋር ግንኙነት የለውም፣ አጠገቡ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ስም ነው። በሩ ማታ ሲዘጋ ከውጭ የቀረ ሰው ይጠብቃል። ይህ ሰፈር ከጥንቱም ሥራው ይህ ነበር። በ1180 የቅዱስ ዮሐንስ ናይቶች የሚባሉ መነኩሴ ወታደሮች ኮሜንዳን አቆሙ፣ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ተሳላሚ መርከብ እስኪያገኝ የሚያርፍበት፣ ከታመመም የሚታከምበት። እንግዳ ሁሉ ደግ አይደለም። በ1380ዎቹ ጳጳሱ ኡርባኖስ ስድስተኛ ካርዲናሎች አስሮ ይዞ መጥቶ እዚሁ አረፈ። አምስቱን ካርዲናሎች ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

ከተሳላሚ በኋላ ስደተኛ መጣ። ከ1800ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጄኖቫ ጣልያኖች ወደ አሜሪካ የሚሳፈሩባት ዋና በር ነበረች። ከተራራ፣ ከገጠር፣ ቤቱን ሸጦ የመጣ ገበሬ ፕሬ ላይ በየማደሪያው ተጣብቆ ያድራል። መርከቡ ነገ ይባላል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይሆናል። የማደሪያው ባለቤትና ደላላው ይህን ያውቃሉ። ገበሬው ኪሱ ባዶ እስኪሆን ያዘገዩታል። በ1901 የወጣው የስደት ሕግ ለማደሪያ ቤቶች ፈቃድና ቁጥጥር እስከማድረግ የደረሰው በዚህ የተነሳ ነው። ይህን ሳነብ የኛ ደላሎች ትዝ አሉኝ። ካርቱም ላይ፣ ትሪፖሊ ላይ «መኪናው ነገ ነው» የተባለ ሰው ይህን ታሪክ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

የሄዱት ደግሞ ሄደው ጄኖቫን ተከሉ። ቦነስ አይረስ ውስጥ ያለውን ላ ቦካ ሰፈር ያቆሙት በብዛት የጄኖቫ ሰዎች ናቸው። የቦካ ጁኒየርስ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ ራሳቸውን ሴኔይሴ ይላሉ፣ በጄኖቫ ቋንቋ «ጄኖቫዊ» ማለት ነው። ማራዶና የለበሰው ማሊያ ከዚህ ሽንት ከሚሸት መንገድ ጋር ዝምድና አለው።

ኮሜንዳ ከ2022 ጀምሮ የጣልያን ስደት ብሔራዊ ሙዚየም ሆኗል። ገባሁ። ደብዳቤ አለ፣ ፓስፖርት አለ፣ ሻንጣ አለ። ጥሩ ሙዚየም ነው፣ አልክድም። ግን ከውስጥ ወጥቼ በሩ ላይ ስቆም ፊት ለፊት ሦስት የጋምቢያ ልጆች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስልክ እያዩ ነው። አንደኛው ጉልበቱ ላይ የላስቲክ ፋይል ይዟል። ያንን ፋይል ከመቶ ሜትር አውቀዋለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ፋይል ነው። እኔ የራሴን ለማሳደስ ሰባት ወር ጠብቄያለሁ። አንድ መስኮት ላይ ያለች ሴት በየወሩ «በሂደት ላይ ነው» ትለኝ ነበር። ሂደት የሚባል አገር ቢኖር ዜግነት እጠይቅ ነበር።

የኛም ሰዎች ጄኖቫ ላይ ጠብቀዋል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ባወቅሁ ጊዜም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜ 1306 ይባላል፣ ዓመቱን የሚከራከሩበትም አሉ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሠላሳ መልእክተኞች እዚህ ከተማ አርፈዋል። ዘመኑ የዐፄ ውድም ረዓድ ነው ይባላል። ከጳጳሱ ዘንድ ሲመለሱ የሚስማማ ንፋስ እስኪነሳ ቆዩ። ወደቡ አፍ ላይ ያለችው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ ካርታ የሚሥል ሰው ነበር። አገኛቸውና ስለ አገራቸው፣ ስለ ሥርዓታቸው ጠይቆ ጻፈ። የጻፈው መጽሐፍ ራሱ አልተገኘም፣ ሌሎች ከእሱ የወሰዱት ግን ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ቆሟል። ከፕሬ በባሕሩ ዳር ሃያ ደቂቃ በእግር ነው።

ሠላሳ ሐበሻ፣ ነጭ የለበሰ፣ የጄኖቫ ወደብ ላይ ንፋስ ሲጠብቅ! ምን በልተው ይሆን? ዓርብ ረቡዕ ደርሶባቸው ይሆን? እኔ በሐሳቤ ፕሬ ላይ ነው የማሳድራቸው። ማንም ይቃወመኝ።

ከሐሳብ ወደ እውን የሚመልሰኝ አንድ ሐውልት ነው። ፖርታ ዴይ ቫካን አልፎ ወደ ወደቡ ፒያሳ ካሪካሜንቶ የሚባል አደባባይ አለ። እዚያ የቆመው ራፋኤሌ ሩባቲኖ ነው፣ የመርከብ ባለጸጋ፣ የጄኖቫ ተወላጅ። ጣልያኖች የሚያውቁት በ1860 ጋሪባልዲ ሲሲሊ ሲዘምት የተሳፈረባቸው ሁለት መርከቦች የእሱ ስለነበሩ ነው። እኛ ልናውቀው የሚገባን በሌላ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1869 ጁዜፔ ሳፔቶ የሚባል የቀድሞ ሚሲዮናዊ ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር የመሬት ውል ተፈራረመ፤ መሬቱ ኋላ የተያዘው በሩባቲኖ ኩባንያ ስም ነው። መሬቱ አሰብ ነው። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ኩባንያው የከሰል ማራገፊያ ፈለግሁ አለ እንጂ ከኋላው መንግሥት ነበር። በ1882 መንግሥት ሽፋኑን ገፎ አሰብን በይፋ ወሰደ። ከዚያ ምጽዋ፣ ከዚያ ዶጋሊ፣ ከዚያ ዓድዋ። ከዚያም አልፎ እናቴ እስከ ዛሬ የምታወራው የአምስቱ ዘመን።

ሩባቲኖ እግር ሥር ቱሪስቶች አይስክሬም ይልሳሉ። ጀርባው ላይ አንድ ሰው «ቻርጀር፣ ቻርጀር» እያለ ይሸጣል። አንድ ሐበሻ ሴትዮ ቆማ ሐውልት ስትገላምጥ ያየ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ለነገሩ ጄኖቫዎች ሐውልትን እንዴት እንደሚሸፍኑ ያውቃሉ። ከፖርታ ዴይ ቫካ ወደ ውስጥ ሲገቡ ፕሬ ስሙን ይቀይርና ቪያ ዴል ካምፖ ይሆናል። እዚያ ትንሽ ቦታ ላይ የውርደት ዓምድ የሚሉት አለ። ጁሊዮ ቼዛሬ ቫኬሮ የሚባል ሰው ሪፐብሊኳን ሊገለብጥ ሲያሴር ተይዞ በ1628 ተገደለ። ቤቱን አፈረሱት። በቦታው ላይ ስሙ ለዘላለም እንዲረገም የሚል ጽሑፍ ያለበት ዓምድ ተከሉ። ዘመዶቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ዓምዱን መንካት አይቻልም። ስለዚህ ከፊቱ የሚያምር የውሃ ምንጭ አሠሩ። ዛሬም አላፊ አግዳሚው ምንጩን ያያል፣ ዓምዱን ለማየት ዞር ማለት ያስፈልጋል።

ሲኞራም ቪያ ባልቢን ከፕሬ ፊት አቆሙ። አልፈርድባቸውም። እናቴ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሰው እኔን የሚያውቀኝ ጣልያን አገር ነርስ እንደሆንኩ ነው። ማን እንደነገራቸው አልናገርም። ለልጃቸውም ስልክ ደውዬ የቀዩን ቁጥር ነገር ላወራት አስቤ «እናትሽ የተወለዱት የት ነው?» ስላት «ባልቢ ነው እንጂ!» አለችኝ። «እሱን ነው ያልኩት» ብዬ ዘጋሁ።

አሁን ወደ ኋላ ሳስበው ሲኞራ ብዙ ነግረውኛል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁ። የካቲት 9 ቀን 1941 እሑድ ጠዋት የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዋን ከባሕር ሲደበድቡ ሰባት ዓመታቸው ነበር። «ከጓዳ ወጥተን ዋሻ ገባን» ይሉ ነበር። ጓዳ ያሉት ያችን ክፍል ነው። በዚያ ቀን ከተተኮሱት አንዱ የሳን ሎሬንዞን ካቴድራል በስቶ ገብቶ ሳይፈነዳ ቀረ። እንዲያ ያለ ጥይት እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሟል፣ ቁመቱ የልጅ ያህላል። እናታቸው ልብስ የሚያጥቡት የሳንታ ብሪጂዳ ገንዳ ላይ ነበር። አገኘሁት፣ ከፕሬ ወደ ባልቢ በሚወጣው መሐል ነው ያለው፣ በሁለቱ መንገዶች መካከል። ከጦርነቱ በኋላ ፕሬ የኮንትሮባንድ ገበያ ሆነ። የአሜሪካ ሲጋራ፣ ናይለን ካልሲ፣ ቸኮሌት፣ መርከበኛ ከኪሱ የሚያወጣው ሁሉ። ሲኞራ ሲጋራ በሽታው ብቻ ብራንዱን ይለዩ ነበር። የፎቅ ጎረቤታችን ሲያጨስ ባልኮኒ ላይ ሆነው «ዛሬ ደግሞ ርካሹን ነው» ይሉኛል። የባልቢ ልጅ ይህን ከየት ትማራለች? ሳልጠይቅ አራት ዓመት ተኩል!

አንዳንድ ጋዜጣ ስለ ፕሬ ሲጽፍ «ባለ ብዙ ቀለም መንገድ» ይላል። ይህን አባባል አልወደውም። ማንም እዚህ የሚኖረው ለቀለሙ አይደለም። ኪራዩ ስለሚቀንስ ነው። ኪራዩ የቀነሰው ፀሐይ ስለማይገባ ነው። ሌላው ጋዜጣ ደግሞ ስለ ዕፅና ስለ ጩቤ ብቻ ይጽፋል። ዕፁም አለ። ወታደሮች በጥንድ በጥንድ ሲዘዋወሩ ዐይቻለሁ። ሞባይል ጠጋኙ ማታ መዝጊያውን ሲያወርድ ሁለት ቁልፍ ነው የሚቆልፈው። በዚያው ልክ ጠዋት ላይ የሹሩባ ቤቷ ሴትዮ ከላይ ፎቅ ለሚኖሩ አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ዳቦና ወተት በቅርጫት ታስቀምጣለች። አሮጊቷ ከአምስተኛ ፎቅ በገመድ ይስቡታል። ቅርጫቱ ሲወጣ መንገደኛው ሁሉ ጎንበስ ይላል፣ ማንም አይናደድም።

ስለ ምግብ ሳልናገር አላልፍም፣ ሲኞራ ይቀየሙኛል። ዓርብ ዓርብ ፋሪናታ ጋግሪልኝ ይሉ ነበር። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ የወይራ ዘይት፣ ሌላ ምንም። እንደ እንጀራ ሊጥ አቅጥነው ለሰዓታት ያሳድሩታል፣ አረፋውን ይገፉታል፣ ሰፊ የመዳብ ትሪ ላይ አፍስሰው የጋለ የእንጨት እሳት ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። በ1284 ጄኖቫ ፒዛን ሜሎሪያ ላይ ድል ስታደርግ ማዕበል መርከብ ውስጥ ዱቄቱንና ዘይቱን ደባለቀው፣ ከዚያ ተገኘ የሚል ተረት አላቸው። ለኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጋገረ ሽሮ ነው። የጾም ነው፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ሁዳዴን ስንቴ በእሱ አለፍኩ። አንድ ቀን እውነተኛ ሽሮ ሠርቼ አቀመስኳቸው። ቀመሱ፣ አሰቡ፣ «ይሄ ውሃ ውስጥ የወደቀ ፋሪናታ ነው» አሉ። ሁለት ሳህን በሉ።

የኔን ፋሪናታ ግን አንድም ቀን አላመሰገኑም። «እሳት ይቀረዋል።» የሚላኖው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከዚያ በላይ አይግልም ብል አይሰሙም። ጠርዙን ብቻ ቆርሰው ይወስዳሉ፣ ያረረውን። መሐሉን ለኔ ይተውልኛል።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ከባቡር እንደወረድኩ በቀጥታ ሶቶሪፓ ወረድኩ። በወደቡ ፊት የተደረደረው አሮጌ ቅስት ሥር ያለ ነው፣ መጥበሻ ቤቶች ያሉበት። ካሪካሜንቶ ላይ ሩባቲኖን ሳላየው አለፍኩ። የገባሁበት ቤት ትሪው ባዶ ነበር። ምድጃው ፊት የቆመው ሰውዬ በእንጨት መቆስቆሻ እሳቱን እየገፋ «ሰባት ደቂቃ» አለ። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሻንጣ የያዘ ልጅ አለ፣ ሁለት የወደብ ሠራተኞች፣ አንዲት ነርስ። እውነተኛዋ። ሰባቱ ደቂቃ አሥራ አምስት ሆነ። ማንም አላጉረመረመም። ትሪው ሲወጣ ጢሱ ቅስቱን ሞላው፣ መሐሉ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ።

ተራዬ ሲደርስ ሰውየው ቢላውን መሐሉ ላይ አሳረፈና ቀና ብሎ አየኝ።

«ከጠርዙ» አልኩት።